ዝም በል የተባለው ዘፋኝ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

የቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድራችን የዘንድሮው ምዕራፍ ማጣሪያ ዛሬ አለቀ። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲዘፍን፣ ሲጨፍር፣ ሲገለባበጥ ዋልን። አንዱ በአፍንጫው ዋሽንት ነፋ። ከምሳ በኋላ የዳኞቹ ዐይን ፈዘዘ።

የኔ ሥራ ከዳኞቹ ጀርባ ተቀምጦ ታሪክ ያለውን ሰው መልቀም ነው። ተሰጥኦውን እነሱ ይዩት። እኔ የማየው ተወዳዳሪው መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ለተመልካች የምናሳየው አጭር ፊልም ይወጣዋል ወይስ አይወጣውም የሚለውን ነው። ጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ አይወጣውም።

ሾፌሩ የመጣው ወደ ማብቂያው ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ፀጉሩ ገብስማ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ የከተተ ሰው። አቅራቢው ማን ልበል ብሎ ስሙን ጠየቀው። አፉን ከፈተ፣ ከንፈሩ ታገለ፣ የወጣው ግን «በሩን!» የሚል ቃል ብቻ ነበር። አዳራሹ ውስጥ አንዳንዱ ሳቀ። ባለቤቱ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ ብላ ማይኩን ተቀበለችው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ እንደኖረ፣ ዓምና ስትሮክ መቶት ንግግሩን እንደወሰደበት ነገረችን። የቀረለት ቀኑን ሙሉ ለረዳቱ ሲጮኸው የኖረው ቃል ብቻ ነው።

«መናገር አይችልም» አለች። «መዝፈን ግን ይችላል። ለኛም አልገባንም።»

ከዚያ ዘፈነ። አንድም ቃል አልጎደለም። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ግን የሚያርፍበትን ቦታ ያውቃል። የሳቁት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ።

ዋና አዘጋጁ በጆሮ ማዳመጫዬ «ይኼን ሰውዬ እንዳትለቂው» አለኝ። የባለቤቱን ስልክ ቀድሜ ተቀብዬ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ቤታቸው ሄድን፣ እኔና ካሜራማኑ። ፊት ለፊቱ የባለቤቱ ልብስ ስፌት ቤት ነው፣ ከኋላው ሁለት ክፍል። ስፌት መኪናዋ ላይ አንድ እጅጌ የቀረው የተማሪ ዩኒፎርም ተቀምጧል። ሾፌሩ በግራ እጁ ወንበር እየጎተተ «በሩን፣ በሩን» አለን፤ ግቡ፣ ተቀመጡ ማለቱ ነው። ካሜራማኑ የመርፌ ጣሳ ገጭቶ ሲደፋ ደግሞ «በሩን!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። በአንድ ቃል ይቆጣል፣ ይጋብዛል፣ ይቀልዳል።

ባለቤቱን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ «እትዬ፣ ድሮ ከሥራ ሲመጣ ምን ታወሩ ነበር?» አልኳትና ዝም አልኩ። ዘዴው ይኼው ነው። ጠይቆ ዝም ማለት። ሰው ዝምታው ሲከብደው ራሱ ይሞላዋል። በመጀመሪያ ስለ ተሳፋሪዎቹ እንደሚያወራላት ነገረችኝ፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን የማንን እግር እንደረገጠ። «እኔ እኮ አንዳንዴ ደክሞኝ እስቲ አሁንስ ተወኝ እለው ነበር» አለች። እዚህ ላይ አለቀሰች። ካሜራማኑ ሳልነግረው ተጠጋ። ሾፌሩ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። ጀርባውን ቀረጽነው።

ጥሩ የሥራ ቀን ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

የሾፌሩ ፊልምና ዘፈን ተላለፈ። ለቅሶው ላይ ሙዚቃውን አበዛሁት መሰለኝ። ዋና አዘጋጁ አልበዛም አለ። የቢሮው ስልክ አላረፈም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

አባቴ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ «የሾፌሩ ዘፈን ጥሩ ነው» አለኝ። ጡረታ የወጣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከኔ ጋር ይኖራል። «ለቅሶው ግን በዛ።»

«ሰው የሚወደው እሱን ነው አባዬ።»

«ማን ነገረሽ?»

ጋዜጣውን መልሶ አነሣው። በኔና በሱ መሀል ይሄ ረጅም ጨዋታ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ከጉልበቷ በታች ሰው ሠራሽ እግር ያላት ዳንሰኛ አለችን። እግሯን በልጅነቷ የወሰደባት የአጥንት ካንሰር ነው። ዛሬ የሷን ፊልም ተነጋገርን።

«የምትቀርጹት የተኛሁበትን ሆስፒታል ነው የምለማመድበትን አዳራሽ?»

«ሁለቱንም።»

«የትኛው ይበዛል?»

ሆስፒታሉ ትንሽ እንደሚበዛ ነገርኳት። «እዚያ እኮ አልደነስኩም» አለች። «ተኝቼ ነው የከረምኩት።» ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፣ ግን ቶሎ አቆመች።

የልምምዱን መርሐ ግብር ሠርቼ ለሁሉም ላክሁ። የሾፌሩ ባለቤት ደወለች። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት የንግግር ሕክምና አለበት። ለማመቻቸት እሞክራለሁ አልኳት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ማክሰኞን ማመቻቸት አልተቻለም። የባንዱ ሰዎች የሚገኙት ማክሰኞ ብቻ ነው። ሐሙስ አለ አይደል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ሾፌሩ ኮሪደር ላይ አገኘኝና መንገዴ ላይ ቆመ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። በግራ እጁ ግድግዳውን ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገና፣ ግማሽ እንደ ዜማ፣ «እንዴት… አደርሽ» አለኝ።

 «ደኅና ነኝ ጋሼ፣ እግዜር ይመስገን» አልኩት። ባለቤቱ ከኋላው ቆማ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። የንግግር ሐኪሟ በዜማ አስጀምራ ዜማውን ቀስ በቀስ ከቃሉ ላይ እንደምታነሣለት ባለቤቱ ነገረችኝ። ቤት ውስጥ ውሃ ብሏል። የሷን ስም ጠርቷል። ትናንት ደግሞ ሾርባው ጨው በዝቶበታል ብሎ ነቅፏል። «ሲነቅፈኝ እኮ እልል ልል ምንም አልቀረኝ!»

ደስ አለኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ከሰዓት በኋላ ለዋና አዘጋጁ ነገርኩት። ማንም ንገሪ አላለኝም፤ የምሥራች ነው ብዬ ነው። እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ሌላ ማን ሰማ?» አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ስብሰባ። ዋና አዘጋጁ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ አባቴ ሲታመም ያለ አንድ ጥያቄ እረፍት የሰጠኝ እሱ ነው። ነገሩን ረጋ ብሎ አስረዳን። «ተመልካቹ የያዘው መናገር የማይችል ሰው ሲዘፍን ነው። ከተናገረ ዘፋኝ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ዘፋኝ ደግሞ ሞልቶናል፤ ከሱ የሚበልጡ አራት አሉ።»

«ታዲያ ይዋሽ?» አለ ካሜራማኑ።

«ማን ዋሽ አለው? እስከ ፍጻሜው ዝም ይበል ነው ያልኩት። ዝም ማለት ውሸት ነው?»

ወደኔ ዞረ። 

«አንቺን ይወዱሻል» አለኝ። «አንቺ ንገሪያቸው።»

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ነገርኳቸው።

በትራንስፖርት እየሄድኩ እንዴት እንደምጀምር አስቤ ነበር፤ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። ባለቤቱ ሱሪ እያሳጠረች ነው። ሾፌሩ ወንበሩን በግራ እጁ ጎተተልኝና «ነይ… ተቀመጪ» አለኝ፣ ኮራ ብሎ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ተናገርኩ። እስከ ፍጻሜው ብቻ፣ በካሜራ ፊት ብቻ፣ በስቱዲዮ ግቢ ውስጥ ብቻ እያልኩ ሦስት ጊዜ «ብቻ» አልኩ።

ባለቤቱ ስፌት መኪናዋን አቆመች። «ቆይ እስቲ እህቴ። እኔ አንዲት ቃል ከአፉ ትውጣለት ብዬ ስንት ቀን አልቅሻለሁ። ሳለቅስ ደግሞ ቀርጸሽኛል። አሁን ዝም በል በይው ነው የምትይኝ?»

«እኔ አይደለሁም እትዬ፣ የዝግጅቱ…»

«አንቺ ነሽ እኮ የመጣሽው።»

ሾፌሩ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛት። ረጅም ጊዜ ታገለ። ያወጣው ነገር ይህን ይመስላል፤ ዴፖ ውስጥ የነበሩት ጓደኞቹ ከታመመ በኋላ ሊጠይቁት ሲመጡ እሱ እዚያ እንደሌለ ነበር የሚያወሩት። በላ ወይ፣ ተኛ ወይ ብለው እሷን ይጠይቋታል። በቴሌቪዥን ከታየ ወዲህ ግን እሱን እያዩ ያወራሉ። እስከ መጨረሻው መሄድ ይፈልጋል።

«እሺ» አለኝ። ይቺን ሳይታገል ነው ያላት።

አመስግኜ ወጣሁ። ባለቤቱ አልሸኘችኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሾፌሩ ወደ ቀጣዩ ዙር አለፈ። አቅራቢው ሲያናግረው አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። ባለቤቱ መለሰችለት። ሁለቱም አደረጉት። ሰው አጨበጨበ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ለቀጣዩ ሳምንት ፊልም አዲስ ነገር የለኝም፤ አዲስ ቀረጻ ላይ ይናገራል። የመጀመሪያውን ቀን ቀረጻ አውጥቼ «አሁንም ከቃላት ጋር ትግል ላይ ነው» በሚል ድምፅ አስገባሁት። ካሜራማኑ ከኋላዬ ቆሞ አየውና «ይኼ ሸሚዝ እኮ የጥቅምት ነው» አለ።

«ማን ያስተውላል?»

«ማንም» አለና ገመዱን ጠቅልሎ ወጣ። ዛሬ ምሳውን ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው የበላው። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

የንግግር ሐኪሟ ቢሮ ድረስ ደወለች። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም።

«መርሐ ግብሩን የምታወጪው አንቺ ነሽ?»

«ቡድኑ ነው የሚያወጣው» አልኳት።

«ከኅዳር መጀመሪያ ወዲህ ያየሁት ሁለቴ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ከበፊቱ ወርዷል። ይሄ ጊዜ ለሱ ትልቅ ጊዜ ነው፤ በየቀኑ መናገር አለበት። ከጎረቤት፣ ከሱቅ፣ ከማንም ጋር። ለምንድን ነው የማይናገረው? ስጠይቀው አንገቱን ይነቀንቅልኛል። እኔን!»

እነጋገራለሁ ብያት ዘጋሁት። ከማን ጋር እንደምነጋገር አልነገርኳትም።

ቡድኑ ማለቴ ትክክል ነው። እኔ የማወጣው የባንዱን ሰዓት ተከትዬ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 28

ባለቤቱ ደወለች። ከኅዳር አምስት ወዲህ ራሷ ስትደውል ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ቤት ውስጥም ተወው» አለች። «አንዱ እንዳይሰማኝ ብሎ ነው መጀመሪያ። ደንበኛ ሲገባ ዝም፣ ጎረቤት ሲመጣ ዝም። አሁን እኛ ብቻችንንም ስንሆን ዝም። ትናንት ውሃ ፈልጎ በጣቱ አሳየኝ። ስሙን ጥራው አልኩት። በሩን አለኝ።»

 ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው አልኳት። ደግሞ «ብቻ» አልኩ።

አባቴ ሳሎን ሆኖ ሰምቶኛል መሰል «ማን ነበር?» አለኝ። «የሥራ ነው» አልኩት። ስልኬን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እሱም ያን አየ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ግማሽ ፍጻሜ። ዳንሰኛዋ ወደቀች። የወደቀችው በድምፅ ቆጠራ ነው፣ በእግሯ አይደለም። ይህን ቀልድ ያወራችው ራሷ ናት።

አቅራቢው በቀጥታ ስርጭት «ይህ እግርሽ በሕይወትሽ ምን አስተማረሽ?» ብሎ ጠየቃት። ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሷ ግን ወደ ዳኞቹ ዞራ «ሁለተኛው ሽክርክሪት ላይ ምቱን ቀድሜዋለሁ፣ መጨረሻ ላይም ትከሻዬ ወድቋል» አለች። «እስካሁን ስለ ዳንሴ ማንም አንድ ነገር አልነገረኝም። እባካችሁ ስሕተቴን ንገሩኝና ልሂድ።» አንደኛዋ ዳኛ ብቻ ደፍራ ስለ ክንዷ አነሣጥ ነገረቻት። ዳንሰኛዋ በጥሞና ሰምታ አመሰገነች።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ልሰናበታት ገባሁ። እግሯን እያወለቀች ነበር። «አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ» አለችኝ። «የከፋውም እሱ ነው እህትዬ። አለቃሽ ቢጠይቀን እምቢ እንል ነበር። አንቺ ስትመጪ ግን እሺ እንላለን።»

የተናገረችው በቁጣ አይደለም። ካልሲዋን እያጠፈች ነው።

ሾፌሩ አለፈ። ለፍጻሜ ከቀሩት ሦስቱ አንዱ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ዛሬ ለዋና አዘጋጁ ልነግረው ቢሮው ገባሁ። ቅዳሜ ይናገር፣ ዝምታው ይበቃዋል፣ ሰውየው እየወረደ ነው ልል። ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠኝ። ከላይ ያሉት ሰዎች የዘንድሮዎቹን ፊልሞች እንደወደዷቸው ነገረኝ። ሻይ አስመጣልኝ። ስለ ሾፌሩ ፊልም ርዝመት አወራን። ጠጥቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ፍጻሜ። ጊዜ የለም። ሾፌሩ ገርጥቷል። ባለቤቱ አዲስ ኮት ሰፍታለታለች። ሰላም አልኳት፤ «ሰላም» አለች፣ ሌላ ነገር የለም። አቅራቢው ከዘፈኑ በኋላ ማይኩን ለሷ ይሰጣል፣ ታመሰግናለች፣ ይወርዳሉ። ደግሜ አስረዳኋት። ገባኝ አለች።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

እንደሆነው ልጻፈው።

መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ከዋና አዘጋጁ ጎን ነበርኩ። ከአቅራቢው ጆሮ ጋር የምገናኘው እኔ ነኝ፤ እሱ የሚያዘውን ተቀብዬ አስተላልፋለሁ። ሾፌሩ ዘፈነ። ከወትሮው አልበለጠም፤ እንዲያውም መሀል ላይ ትንፋሹ አጠረው። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። አቅራቢው ማይኩን ለባለቤቱ ሰጣት። ተቀበለችው። ከዚያ ወደሱ ዞራ አፉ ላይ ያዘችለት።

ዝም አለ። እሷም አልተናገረች። ማይኩ አልወረደም።

«እኔ…» አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። «መናገር… እችላለሁ።»

እንዲህ ዓይነት ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ሰዎች ተቃቀፉ፣ ወንበር ላይ ወጡ። ሾፌሩ ዝም እንዲሉለት ግራ እጁን አነሣ፤ ሰላምታ የሰጣቸው መስሏቸው ይበልጥ ጮኹ። «ከኅዳር… ጀምሮ…» ማለት ጀመረ።

«ማስታወቂያ!» አለ ዋና አዘጋጁ። «ውጡ! ንገሪው!»

ቁልፉን ተጫንኩና «ወደ ማስታወቂያ ውጣ» አልኩ። በኋላ የድምፅ ባለሙያው ድምፄ ምንም እንዳልተንቀጠቀጠ ነገረኝ። ያደነቀኝ መሰለኝ።

ለተመልካቹ የሳሙና ማስታወቂያ ሄደ። እኛ ስክሪን ላይ ግን መድረኩ እንዳለ ነበር፤ ሾፌሩም እየተናገረ ነበር። «ከኅዳር ጀምሮ… እናገራለሁ። ዝም በል… ተባልኩ። እሺ… አልኩ። አታለልኳችሁ። ይቅርታ… አድርጉልኝ።» ላብ አጥምቆታል። በዚያ ጩኸት ውስጥ ፊት ወንበር ላይ የነበሩ ጥቂት ሰዎች ሰምተውት እንደሆነ እንጃ። ጨርሶ ባለቤቱን አየና ትከሻው ወረደ። ሸክሙን ያራገፈ ሰው ነው የሚመስለው።

ከማስታወቂያ ስንመለስ አቅራቢው ዐይኑ እንባ አቅርሮ «ተአምር በዐይናችን አየን» አለ። ይህን ማንም አልጻፈለትም።

አሸነፈ። በሰፊ ልዩነት።

ዋና አዘጋጁ አቀፈኝ። «እኛ ብንጽፈው እንዲህ አያምርም ነበር!» አለኝ።

ቤት ስገባ አባቴ ሳይተኛ ጠበቀኝ። «ለምን አቋረጣችሁት? ሰውየው እኮ ወሬ ጀምሮ ነበር።»

«የማስታወቂያው ሰዓት ደርሶ ነው።»

አየኝ። «እንዲያ ነው?» አለና መነጽሩን አውልቆ ወደ ክፍሉ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ስለ «ተአምሩ» ልዩ ዝግጅት ይሠራ ተባለ። እኔና ካሜራማኑ ሄድን።

ስፌት ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። አንዲት እናት አራት ዓመት የሚሆናትን ልጅ ታቅፋ ቆማለች። ልጅቱ አፏን አልፈታችም። ሴትየዋ የመጣችው የትኛው ዘፈን እንዳናገረው ልትጠይቅ፣ ከቻለም ልጅቱን በእጁ እንዲዳስስላት ነው። ሾፌሩ ወደ ውስጥ ሸሽቷል። ባለቤቱ ሴትዮዋን አስቀምጣ የንግግር ሐኪሟን አድራሻ እየነገረቻት ነው። «ዘፈኑ አይደለም የኔ እናት፣ ሐኪም ነው፣ ሐኪም» ትላታለች። ሴትየዋ አላመነችም። በቴሌቪዥን አይታዋለች።

ዋንጫው መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ እንዳይንሸራተት ተጭኖበታል።

ሾፌሩ ሲያየኝ ተነሣ። ተናዷል። በኔ ላይ አልነበረም፤ ገና አላወቀም።

«ነገርኳቸው…» አለኝ። «ሁሉን… ነገርኳቸው። ለምን… ተአምር ይላሉ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ሙሉው የተላለፈ መስሎታል።

«አልሰሙዎትም ጋሼ» አልኩት። «ተቆርጦ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ካሉ በኋላ ያለው አልተላለፈም።»

«ማን… ቆረጠው?»

ዋና አዘጋጁ አዘዘ ማለት እችል ነበር። እውነትም ነው። ካሜራማኑ ዐይኑን ከካሜራው ላይ አንሥቶ ያየኛል።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ታዝዤ ነው፣ ግን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የማክሰኞውን ሐኪምም ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

ባለቤቱ መቀሱን አስቀመጠች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። «ዛሬስ በካሜራ ነው ያለ ካሜራ?» አለችኝ፣ በቀዘቀዘ ድምፅ።

ሾፌሩ ቀኝ እጁን በግራው አንሥቶ ጭኑ ላይ አስተካከለ። ለማሰብ ሲፈልግ እንዲህ ያደርጋል። «እኔም… እሺ ብያለሁ» አለ። ከዚያ «ክፈተው» አለ ለካሜራማኑ። «ከመጀመሪያው… እነግራችኋለሁ።»

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ፈጀ። ስትሮኩ የመታውን ጠዋት፣ አውቶቡሱን ዳር አስይዞ እንዴት እንዳቆመ፣ ጓደኞቹ እንዴት እሱ እንደሌለ እንዳወሩ፣ ሐኪሟን፣ ዜማውን፣ ጨው የበዛበትን ሾርባ፣ እኔን፣ እሺ ያለበትን ቀን፣ ከዚያ በኋላ ዝምታው እንዴት ቤቱ ድረስ እንደገባ ተናገረ። አንዳንዱ ቃል አልመጣ ሲለው ባለቤቱ አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። ልትሞላለት ትፈልጋለች፤ አልሞላችለትም። እኔም ምንም አልጠየቅሁም። የምጠይቀው አልነበረኝም። ዋና አዘጋጁ ደጋግሞ ደወለ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

ቀረጻውን ለዋና አዘጋጁ አሳየሁት። ሙሉውን አየ፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባል። «ጥሩ ነው» አለ። «ግን ይኼን ሁሉ ማን ቁጭ ብሎ ያያል?»

«እኔ አየሁት።»

«አንቺ ቀራጭ ነሽ።»

ልዩ ዝግጅቱን አልሠራም አልኩት። ድምፄ በዚህኛው ጊዜ ተንቀጠቀጠ። አልተቆጣም። ለሌላ ሰው ሰጠው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

ልዩ ዝግጅቱ ትናንት ተላለፈ። ተአምሩ አለበት፣ በሳሙናው ማስታወቂያ ሰዓት የተናገረው ግን የለበትም። ውሌ ለሚቀጥለው ምዕራፍ አልታደሰም። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ለአባቴ እኔ እንደቆረጥኩት ነገርኩት። «አውቄዋለሁ» አለ። «ያን ቀን ስትገቢ ፊትሽን አይቼ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«እስክትነግሪኝ ነዋ።» ጋዜጣውን አጠፈና ወንበሩን ወደኔ አዞረ። «እስቲ አሁን ሙሉውን ንገሪኝ።» ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ደግሜ አፈላሁ፣ እሱም ቀዘቀዘ።

የቀረጻውን ቅጂ ለሾፌሩና ለሐኪሟ ልኬላቸዋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ወደ ሕክምናው ተመልሷል። ሐኪሟ በኅዳር የነበረበት ላይ እንዳልደረሰ፣ ግን እንደሚደርስ ነገረችኝ። በስልክ ሰላም አለችኝ ዛሬ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 26

ዴፖው ያሉ ሾፌሮች ዋንጫውን አይተን እንደሰት ብለው ጠሩት። ባለቤቱ ደውላ «ነይ ብሎሻል» አለችኝ። «እኔ አይደለሁም ያልኩት» ብላም ጨመረች። ሄድኩ፣ ያለ ካሜራ።

ክፍሉ የሾፌሮች ማረፊያ ነው፤ ረጃጅም አግዳሚዎች፣ ግድግዳው ላይ የመስመር ቁጥሮች፣ በመስኮቱ በኩል ተደርድረው የቆሙ አውቶቡሶች። ዝፈንልን እያሉ ጮኹ። «መጀመሪያ… ላውራ» አላቸው። ጸጥ አሉ። ሁሉም በቴሌቪዥን ያዩትን የተመልካች ፊት ይዘው፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው፣ ተአምሩን ሊሰሙ ተቀመጡ። እሱም ጀመረ። ተአምር አይደለም አለ። ስለ ኅዳር ነገራቸው። አታለልኳችሁ አለ። አንዳንዶቹ ተያዩ። አንዱ ሽማግሌ «ተው እንጂ» አለ ቀስ ብሎ። ሾፌሩ አልተወም። ቃል እየጠፋው፣ እየፈለገ፣ ሲያገኝ እየቀጠለ ሄደ። ሁሉም እንደ በሽተኛ ይጠብቁታል። ማንም አልሳለም።

ከኋላ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሰዓቱን አየና ተነሣ። «ኧረ አሳጥረው ወንድሜ! ተራዬ ደርሷል፣ ልወጣ ነው!»

ክፍሉ ደነገጠ። ጎኑ ያለው ሰው እጅጌውን ጎተተው። ባለቤቱ ከወንበሯ ብድግ ልትል ነበር። ሾፌሩ ዞሮ አየው፤ ፊቱ ሲበራ አየሁ።

«ቸኩለህ የት ልትደርስ ነው? ድልድዩ ጋ እንደሆነ ተዘግቷል!»

ሳይቆም፣ ሳይታገል፣ በአንድ ትንፋሽ ነው ያለው። የተናገረውን ራሱም የሰማው ከኛ ጋር ይመስለኛል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም በአንዴ መናገር ጀመረ፤ ድልድዩ ተከፍቷል፣ አልተከፈተም፣ ማን ነገረህ፣ ጠዋት አልፌበታለሁ። ሾፌሩን አቋረጡት፣ ተከራከሩት፣ እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ ተከራከራቸው፤ የጠፋው ቃል ጠፋ፣ የመጣው መጣ። ባለቤቱ ከተነሣችበት ቀስ ብላ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ ጠርዙ ያልተሰፋ ቀሚስ አውጥታ መስፋት ጀመረች።

ወፍራሙ ሰውዬ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ አግዳሚው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለው።

ሾፌሩ ካቆመበት ቀጠለ።